ቀስ የምትል መኪና፦ የስዊድኑ ኤፓ ትራክተር ጉዳይ

ስዊድን ውስጥ ከትልልቅ ከተሞች ወጣ ብሎ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ጠባብ አስፋልት ላይ እየነዳህ ነው። ከፊትህ አንዲት አሮጌ ቮልቮ አለች። ፊቷ የደህና መኪና ነው፣ ኋላዋ ግን ተቆርጦ በምትኩ ትንሽ መጫኛ ተሠርቶለታል። ጀርባዋ ላይ ጠርዙ የቀላ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ተለጥፏል። ሙዚቃዋ ከሩቅ ይሰማል። የምትሄደው በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከኋላዋ የመኪና ሰልፍ ተጎትቷል። መሪውን የያዘው ልጅ ገና 15 ዓመቱ ነው። ፖሊስ ቢያየውም አያስቆመውም። ልጁ የሚነዳው በወረቀት ላይ መኪና ሳይሆን ትራክተር ነውና።

ይህች መኪና እንዴት ትራክተር ተባለች? መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ፣ ገበሬዎች ጓሯቸው ውስጥ አሮጌ ፎርድ በመጋዝ ወደሚቆርጡበት ዘመን መመለስ አለብን። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ነገሩ የጀመረው በ1930ዎቹ ነው። የዓለም ኢኮኖሚ ወድቋል። የስዊድን ገበሬ በአብዛኛው ትንሽ መሬት ያለው፣ በፈረስ የሚያርስና የሚያጭድ ሰው ነበር። ትራክተር አይቷል፣ ዋጋውንም ሰምቷል፣ ከዚያ ወደ ፈረሱ ተመልሷል። በሌላ በኩል ግን አገሪቱ ውስጥ አሮጌ መኪና እየተከማቸ ነበር። ፎርድና ሼቭሮሌ በብዛት ገብተዋል። ጄኔራል ሞተርስ በ1928 ስቶክሆልም ላይ የራሱን መገጣጠሚያ እስከ መክፈት ደርሶ ነበር። እነዚያ መኪኖች አርጅተው ለከተማ ሰው ዋጋ ሲያጡ ገበሬው በርካሽ ያገኛቸዋል። ሞተራቸው ግን አልሞተም።

እዚህ ላይ የዘመኑን መኪና አሠራር ማወቅ ይጠቅማል። ያኔ መኪና ማለት ሻንሲ ነበር። ሁለት ረጃጅም ብረቶች፣ ከፊት ሞተር፣ ከሞተሩ ቀጥሎ ካምቢዮ (ማርሾቹ ያሉበት ሳጥን)፣ ከዚያ እስከ ኋላው ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ክፍል) የሚደርስ ዘንግ። አካሉ ከላይ በብሎን የታሰረ ቆርቆሮና እንጨት ነው። ብሎኑን ፈትተህ አካሉን ብታነሣው የቀረው ነገር በራሱ ይሄዳል። የዛሬ መኪና እንዲህ አይሆንም። አካሉ ራሱ ሻንሲው ስለሆነ ጣሪያውን ስትቆርጥ ጥንካሬውንም አብረህ ትቆርጣለህ። የዚያ ዘመን ገበሬ ግን መጋዝና የብየዳ ማሽን ካለው፣ ጎረቤቱ ደግሞ አንጥረኛ ከሆነ፣ መንገዱ ክፍት ነበር።

ችግሩ ጉልበት ይመስላል፣ ግን አይደለም። በ1927 መጨረሻ የወጣውን ፎርድ ሞዴል ኤን እንውሰድ። ሞተሩ 40 የፈረስ ጉልበት አለው። ለትንሽ እርሻ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ ያለው ፍጥነቱ ላይ ነው። ማረሻ በሰዓት 4 ወይም 5 ኪሎ ሜትር ነው የሚፈልገው፣ የሰው እርምጃ ማለት ነው። (የእኛ ጥማድ በሬ ከዚህም ያዘግማል።) ሞዴል ኤ ግን በአንደኛ ማርሽ፣ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን በሚሰጥበት ዙር፣ ወደ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። በዚህ ፍጥነት ማረስ አይቻልም። ነዳጁን ቀነስ አድርጌ ቀስ ልበል ካልክ ደግሞ ሞተሩ ጉልበት አጥቶ እጅህ ላይ ይጠፋል። ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን እየረገጥክ እንዳትጎትት፣ ፍሪሲዮኑ አንድ ቀን እንኳ አይቆይልህም።

ስለዚህ የገበሬው ጥያቄ ይህ ነበር፦ ለመሮጥ የተሠራን ማሽን፣ ጉልበቱን ሳላጠፋ፣ እንዴት አዘግመዋለሁ?

መልሱ አንድ ካምቢዮ ከሌላ መኪና ነቅሎ ከመጀመሪያው ካምቢዮ ኋላ መግጠም ነበር። ብልሃቱ በሙሉ ይኸው ነው፣ ሌላው ብየዳ ነው። ሞተሩ ሲዞር የመጀመሪያው ካምቢዮ ዙሩን ይቀንሰዋል፣ ሁለተኛው ደግሞ የተቀነሰውን እንደገና ይቀንሰዋል። የሞዴል ኤ አንደኛ ማርሽ ዙሩን ከሦስት እጥፍ በላይ ያዘገማል። ተመሳሳይ ካምቢዮ ከኋላው ብትጨምር 26 የነበረው ፍጥነት ወደ 8 ይወርዳል። ነዳጁን ትንሽ ስትቀንስለት የማረሻ ፍጥነት ላይ ነህ፣ ሞተሩም ሳይጨነቅ ይሠራል። ፍጥነት በሦስት ሲቀነስ ጎማው ላይ የሚደርሰው የመጎተት ኃይል በሦስት ይባዛል። ብስክሌት ላይ ዳገት ሲመጣ ቀላሉን ማርሽ የሚያስገባ ሰው ይህን በእግሩ ያውቀዋል።

ሁለት ካምቢዮ ያለው ማሽን አስቂኝ ጠባይም አለው። ሦስት ማርሽ በሦስት ማርሽ ሲባዛ ዘጠኝ የፊት ማርሽ ይሆናል። አንዱን ካምቢዮ የኋላ ማርሽ ላይ ካደረግከው ሦስት ዓይነት የኋላ ፍጥነት ታገኛለህ። ሁለቱንም የኋላ ማርሽ ላይ ካስገባሃቸው ደግሞ ማሽኑ ወደ ፊት ይሄዳል! የስዊድን ገበሬ ልጅ ስለ ማርሽ ብዜት ከትምህርት ቤት በፊት ከጋራዡ ሳይማር አልቀረም ብዬ እገምታለሁ።

እስካሁን ቀላል ይመስላል። ግን አንዱን ስትፈታው ሌላው ይታሰራል። ሁለተኛው ካምቢዮ ኃይሉን በሦስት ሲያባዛ የተባዛው ኃይል የሚያርፈው ከእሱ ኋላ ባለው ነገር ሁሉ ላይ ነው። የፎርዱ ዲፈረንሻልና የጎማ ዘንጎች የተሠሩት ቤተሰብ ቤተ ክርስቲያን ለማድረስ እንጂ እርጥብ ሸክላ አፈር ለመገልበጥ አይደለም። ማረሻው ድንጋይ ሲነካ ዘንጉ ይቆረጣል ወይም የዲፈረንሻሉ ጥርስ ይረግፋል። ስዊድን ደግሞ መሬቷ ድንጋያም ነው። በየእርሻው ጠርዝ ላይ ለዘመናት እየተለቀመ የተከመረውን ድንጋይ ያየ ሰው ይገባዋል። ስለዚህ አዋቂ የሆነው ሠሪ የኋላውን ክፍል ከመኪና ሳይሆን ከከባድ ጭነት መኪና ይወስድ ነበር። የጭነት መኪና ዲፈረንሻል ወፍራም ነው፣ በራሱም ተጨማሪ ያዘግማል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ።

ቀጥሎ ክብደት ይመጣል። ጎማ የሚጎትተው መሬት ላይ በተጫነው ልክ ነው። አካሉ የተነሣለት መኪና ቀላል ስለሆነ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ገበሬው ሻንሲውን ቆርጦ ያሳጥረዋል፤ በጠባብ ማሳ ላይ እንዲዞርለትና ክብደቱ ወደ ኋላ እንዲያመዝን ነው። ከዚያ የኋላ ጎማዎቹ ላይ ድንጋይ፣ ብረት፣ ሲሚንቶ፣ ያገኘውን ሁሉ ይጭናል። አንዳንዱ ጎማውን ጥንድ አደረገው፣ አንዳንዱ ሰንሰለት አሰረለት፣ ሌላው ጥርስ ያለው የብረት ጎማ ገጠመለት።

ሙቀቱስ? መኪና ሲሮጥ ነፋስ ራዲያተሩን ያቀዘቅዝለታል። በሰው እርምጃ የሚሄድና ሞተሩ ቀኑን ሙሉ የሚጮህ መኪና ግን ነፋስ የለውም። ስለዚህ ውሃ ይፈላል። አንድ ባልዲ ውሃ ማሳው ዳር ማስቀመጥ የሥራው አካል ነበር ማለት ይቻላል። ሠሪው ቢችል ትልቅ ራዲያተር ከጭነት መኪና ያመጣል።

እንግዲህ እውነቱን እንናገር። ይህ ማሽን እንደ ማረሻ ጎታች ደካማ ነበር። ሆዱ ወደ መሬት ዝቅ ያለ ነው። አንዱ ጎማ ጭቃ ውስጥ ሲንሸራተት ዲፈረንሻሉ ኃይሉን ሁሉ ለሚንሸራተተው ይሰጠዋል፣ ሌላው ጎማ ቆሞ ያያል። የእርሻ መሣሪያን በቀጥታ የሚያዞር የኋላ ዘንግም አልነበረውም። በጣም የተዋጣለት ቀለል ባለ ሥራ ላይ ነው፦ መከስከሻ መጎተት፣ ድርቆሽ ማጨድና ማጓጓዝ፣ እንጨት ከጫካ ማውጣት፣ ወተት መንገድ ዳር ማድረስ። የፈረስ ማጨጃውን ረጅም ሞፈር አሳጥሮ ከማሽኑ ኋላ ማሰር ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አንድ ተጨማሪ ፈረስ ከመቀለብ ጋር ሲተያይ ጥሩ ስሌት ነበር። ፈረስ በክረምት ሥራ ሳይሠራ ይበላል፣ ይህኛው ግን ክረምቱን በረት ውስጥ ዝም ብሎ ይቆማል።

ስሙን ያገኘው በፌዝ ነው። በ1930 ኤረብሮ ከተማ ውስጥ ኤፓ የሚባል ሱቅ ተከፈተ። የስሙ ትርጉም በግርድፉ የአንድ ዋጋ አክሲዮን ማኅበር እንደማለት ነው። ዕቃውን በጥቂት የተወሰኑ ርካሽ ዋጋዎች ይሸጥ ነበር። ሱቁ በመላ አገሪቱ ተስፋፋ። ስሙም ቀስ በቀስ የርካሽና የለብለብ ሥራ መጠሪያ ሆነ። እኛ አንድን ዕቃ ‹‹ቻይና ነው›› ብለን እንደምናጣጥለው ማለት ነው። ከመኪና ቅሪት የተሠራውን ትራክተር ሰዎች ‹‹ኤፓ ትራክተር›› አሉት። ሱቁ በ1970ዎቹ ከነስሙ ከገበያ ጠፋ። ስድቡ ግን በትራክተሩ ላይ ቀረ፣ ዛሬ እንዲያውም በኩራት የሚጠራ ስም ነው።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በ1940 ሚያዝያ ጀርመን ዴንማርክንና ኖርዌይን ስትወርር ገለልተኛዋ ስዊድን ከምዕራቡ ዓለም ጋር የነበራት የባሕር ንግድ ተዘጋ። ነዳጅ የለም፣ ጎማ የለም፣ ከውጭ የሚገባ ትራክተር የለም። አገሪቱ ግን ራሷን መመገብ አለባት። በዚያው በ1940 መንግሥት በቤት ውስጥ ለሚሠሩ ትራክተሮች ደንብ አወጣ። ከመኪና የተለወጠ ማሽን ትራክተር ተብሎ እንዲቆጠር ምን ማሟላት እንዳለበት ተወሰነ።

በእኔ እምነት የዚህ ጉዳይ ዋና መታጠፊያ ይህ ነው። ብዙ አገር ውስጥ ገበሬ መኪና ቆርጦ ትራክተር ሠርቷል። አሜሪካኖቹም አሮጌ ፎርዶቻቸውን እንዲሁ አድርገዋል፤ ለዚያ የሚሆን መለወጫ ዕቃ ሳይቀር በካታሎግ ይሸጥ ነበር። አብዛኛው ቦታ ላይ ነገሩ ከሠሪው ጋር ያረጃል። ስዊድን ግን ለለብለብ ሥራው በሕግ ቦታ ሰጠችው። ፍጥነቱ የተገደበ፣ የሚቀመጡበት አንድ ረድፍ ብቻ፣ ከኋላ መጫኛ፣ ከዚያ መጎተቻ። እንዲህ ከሆነ ትራክተር ነህ ተባለ።

ነዳጁንም ገበሬው በራሱ መንገድ ተወጣው። በጦርነቱ ዘመን ከ70,000 በላይ የስዊድን ተሽከርካሪዎች ከእንጨትና ከከሰል በሚወጣ ጋዝ ይሄዱ ነበር። መኪናው ላይ እንደ በርሜል ያለ ምድጃ ይገጠማል። እንጨቱ አየር አንሶት ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ተጣርቶ ወደ ሞተሩ ይገባል። ጠዋት ምድጃ ማቀጣጠል፣ አመድ መጥረግ፣ ማጣሪያ ማጽዳት የሹፌሩ ሥራ ነው። ጉልበቱም ከቤንዚን ያንሳል። ጋዙ መርዛም ስለሆነ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ማስነሣት ሕይወት ያስከፍላል። ግን ጫካ ያለው አገር እንጨት አያጣም።

ጦርነቱ ሲያልቅ የኤፓ ትራክተር የእርሻ ዘመንም ቀስ በቀስ አለቀ። ገዳዩ ከእንግሊዝ የመጣች አንዲት ትንሽ ግራጫ ትራክተር ነበረች። ፈርጉሰን ከ1946 እስከ 1956 ድረስ ኮቨንትሪ ውስጥ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሠርቷታል። በሃይድሮሊክ የሚነሣ ባለ ሦስት ነጥብ ማያያዣ አላት። ማረሻው ወደ አፈር ሲጎትት የትራክተሯን የኋላ ጎማ መሬት ላይ ይጫነዋል። ገበሬው በድንጋይና በሲሚንቶ ሲታገልለት የኖረውን የክብደት ችግር በማንሻ ብቻ ፈታችው። ስዊድኖች ግሮለን አሏት፣ ግራጫ ፈረስ የሚጠሩበት ስም ነው። ፈረሱን ያስወጣችውን ማሽን በፈረስ ስም መጥራታቸው ደስ ይለኛል።

ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላንሣ። ይህ ከሆነ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1967፣ እነዚሁ ስዊድኖች ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር አርሲ ውስጥ ካዱ የተባለውን የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ጀመሩ። ዓላማው ትንሹን ገበሬ መርዳት ነበር። የአሰላ ወርክሾፖች የተሻሻለ ማረሻና በበሬ የሚጎተት ጋሪ ይሞክሩ ነበር። ነገር ግን ምርጥ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ትርፍ እንደሚያመጡ ያዩ ባለርስቶች ትራክተር አስገቡና ጭሰኛውን ከመሬቱ አስነሡት። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው ልዩነቱ የማሽኑ አይመስለኝም። ኤፓውን የሠራው የራሱን መሬት የሚያርስ ገበሬ ነበር። ማሽኑ ያፈናቀለው አንድ ፈረስ ነው። ጭላሎ ላይ ግን ትራክተሩ የባለርስቱ ነበር፣ የተፈናቀለውም ቤተሰብ ነው። ስለ እርሻ ሜካናይዜሽን በተወራ ቁጥር ስለ ፈረስ ጉልበት ብቻ የሚያወራ ሰው ያስፈራኛል።

ወደ ስዊድን እንመለስ። ገበሬው ኤፓውን ጥሎ ግሮለኗን ገዛ። ደንቡ ግን ሥራ ላይ እንዳለ ነው። በረት ውስጥ የቆመውን ማሽን ያየው የገበሬው ልጅ ነበር። መኪና ለመንዳት 18 ዓመት መሙላት አለበት። ትራክተር ለመንዳት ግን አያስፈልገውም። ረጅም ክረምት፣ የተራራቁ መንደሮች፣ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ የሚመጣ አውቶቡስ። ልጁ ምን እንዳደረገ መንገር አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲህ ታሪኩ ተገለበጠ። አባት ሁለተኛውን ካምቢዮ የገጠመው ለማዘግየት ነበር። ልጁ ደግሞ ያንኑ ካምቢዮ መልሶ የሚያፈጥንበትን መንገድ ፍለጋ ጋራዥ ውስጥ ያመሻል። መንገዱም ቀላል ነው። ሁለተኛውን ካምቢዮ ከፍተኛው ማርሽ ላይ ካደረግከው ዙሩን ሳይቀንስ ያሳልፈዋል፣ ማሽኑም ወዲያው መኪና ይሆናል። ስለዚህ ከፍተኛው ማርሽ እንዳይገባ መታገድ ነበረበት። እገዳውን የሚሠራው ሰውና የሚያነሣው ሰው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። የመንግሥት ቁጥጥርና የልጆች ብልሃት ድብብቆሽ ከዚህ ጀመረ፣ እስካሁንም አላበቃም።

መንግሥት በ1975 ነገሩን ሊያስቆመው ሞከረ። አዲስ ኤፓ ትራክተር እንዳይመዘገብ ተከለከለ፤ በምትኩ አ-ትራክተር የሚባል፣ በአሠራሩ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ የማይችል አዲስ ምድብ ወጣ። የነበሩትም ኤፓዎች ከመንገድ ይውጡ ሲባል ተቃውሞ ተነሣና እነሱ በልዩ ፈቃድ ቀሩ። ሕጉ ስሙን ለወጠ፣ ሰዉ ግን ዛሬም አ-ትራክተሩንም ኤፓ ይለዋል።

በ2020 ደግሞ ሌላ ለውጥ መጣ። ፍጥነቱን በካምቢዮ ብቻ ሳይሆን በኤሌክትሮኒክስ መገደብም ተፈቀደ። ይህ በሩን በረገደው። ከዚያ በፊት ልጁ ወይ ራሱ መካኒክ መሆን አለበት ወይ መካኒክ አጎት ያስፈልገዋል። አሁን ግን ደህና መኪና ገዝቶ፣ የኋላ ወንበሩን አስወጥቶ፣ መገደቢያ አስገጥሞ መመዝገብ ይችላል። ቁጥሩ በጥቂት ዓመት ውስጥ ተተኩሶ በ2023 ገደማ ወደ 50,000 ደረሰ። አደጋውም አብሮ ጨመረ። ጓደኞች መጫኛው ላይ ተሳፍረው፣ ያለ ቀበቶ፣ በተነካካ መገደቢያ መሄድ መጨረሻው ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው። በ2023 የመቀመጫ ቀበቶ ግዴታ ሆነ፣ ቀበቶ በሌለው ቦታ መሳፈርም ተከለከለ።

ስዊድን የሚኖሩ ወገኖቻችን ወደ ትናንሽ ከተሞች ሲገቡ ይህ ጥያቄ ቤታቸው መድረሱ አይቀርም። ልጅ 15 ዓመት ሲሞላው ‹‹የክፍሌ ልጆች ሁሉ አላቸው›› ብሎ ይመጣል። ወላጅ ትራክተር የሚለውን ቃል ሰምቶ ግራ ይጋባል። ለእነሱ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መኪናዋን ከማየታችሁ በፊት መገደቢያዋን ማን እንደነካው ጠይቁ፣ ከዚያ ቀበቶ ያላቸውን ወንበሮች ቁጠሩ።

የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። አንዱ ልጅ መኪናው ውስጥ ባስ እያስጨፈረ፣ ሌላው የሚያብረቀርቅ ቸርኬ ገጥሞ በከተማው አደባባይ ይዞራል። አንዳቸውም ማሳ አይተው አያውቁ ይሆናል። ነገር ግን ለምዝገባ ሲቀርቡ ተቆጣጣሪው ከኋላ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ያያል፦ መጎተቻው በቦታው አለ ወይ?